ራሱን ስለሚመራ ማኅበር

ልጆች ሆይ፥ ለታላላቆች መታዘዝ ከባድ ይመስላችኋል። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም አዛዥ በሌለበት ሥራን በጊዜው መሥራት ነው። ስለዚህ ነገር ወጣቶች ራሳቸው የሚመሩትን የስካውት ማኅበር ምሳሌ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ስካውት የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። ባደን ፖዌል የሚባል የጦር አለቃ በ1907 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ሃያ ያህል ልጆች ወደ ብራውንሲ ደሴት ወሰደ። በዚያም በድንኳን ማደርን፥ እሳት ማንደድን፥ ሰውን መርዳትን አስተማራቸው። ከልጆቹም አንዳንዶቹ የባለጠጎች፥ አንዳንዶቹ የድኾች ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም ግን አብረው በሉ፥ አብረው ሠሩ። በኋላም በ1918 ላደጉት ወጣቶች ሮቨር የሚባል ክፍል ተቋቋመ። የዚህ ክፍል መመሪያ ቃል «አገልግሎት» የሚል ነው።

ዛሬ በአውስትራሊያ ከ18 ዓመት ጀምሮ 26 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ወንዶችም ሴቶችም ሮቨር ይሆናሉ። የቡድናቸውን መሪ ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡንም እንዲሁ። ወዴት እንደሚጓዙ፥ ማንን እንደሚረዱ፥ ገንዘቡም በምን ላይ እንደሚውል ተቀምጠው ይመክራሉ።

በዚያው አገር ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍል ቦጎንግ የሚባል ከፍተኛ ተራራማ ስፍራ አለ። በብርድ ወራት ምድሩ ሁሉ በበረዶ ይሸፈናል። ሮቨሮቹ በ1940 በዚያ ስፍራ አንድ ትልቅ ቤት ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ የሠሩት ወጣቶች አርጅተዋል፤ ቤቱ ግን ለተከታዮቻቸው ቀርቷል። በዚያ ብርድ እንጨት የሚፈልጠው፥ ወጥ የሚሠራው፥ ቤት የሚጠርገው ሰው ሥራውን ቢተው ሁሉም ይጐዳሉ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ፥ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። ምሳሌው እውነት አለው፤ ያልተማረ እጅ ሊጥ ያበላሻልና። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ማቡካት ያልተፈቀደለት ልጅ መቼ ይማራል? ሃያ ዓመት የሞላው ሰው አንድ ጉዞ አሰናድቶ የማያውቅ፥ የአምስት ሰው ገንዘብ ይዞ ያልቈጠረ ከሆነ፥ ነገ ቤቱንና አገሩን እንዴት ያስተዳድራል? በትንሽ ነገር መሳሳት በትልቅ ነገር ከመሳሳት ይሻላል።

ቢሆንም እንዲህ ያለው ማኅበር የራሱ አደጋ አለው። ይህን በልጅነቴ አይቼዋለሁ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ስድስት ሆነን በአንዲት ጎጆ እንኖር ነበር። የኔታ ትምህርቱን ያስተምሩን ነበር እንጂ የጎጆውን ሥራ አያዝዙንም ነበር፤ ውኃ የምንቀዳው በተራ ነበር። አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነ፤ ብርድ ስለ ነበረ ግን «ሌላው ይቀዳል» ብዬ ተኛሁ። በማታ ጓደኞቼ ከልመና ደክመው ተመለሱ፤ ማሰሮው ባዶ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ትኵሳት ይዞት ውኃ ለመነ። ማንም አልሰደበኝም፤ በጨለማ ወደ ምንጩ የሄደው ግን ከሁላችን ታናሽ የሆነው ልጅ ነበር። ያን ቀን ያፈርሁትን እፍረት ዛሬም አልረሳሁትም። አዛዥ በሌለበት ቤት የሰነፍ ሰው ሸክም በደካማው ጫንቃ ላይ ይወድቃልና።

ስለዚህ አድጋችሁ ወደ እንዲህ ያለ ማኅበር ለመግባት ስትወዱ፥ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መሪው በምርጫ ይሾማልን? ዘመኑስ ሲፈጸም ለሌላ ይለቃልን? የገንዘቡ ሒሳብ በሁሉ ፊት ይነበባልን? ማኅበሩ ከጨዋታ ሌላ ሰውን የሚረዳበት ሥራ አለውን? እነዚህ ከሌሉ አባሎቹ ይመሩታል ቢባልም የሚመሩት ጥቂቶች ናቸው።

ከዚህም ሁሉ በኋላ ራሳችሁን ጠይቁ። በሮቨሮች ዘንድ አዲስ ገቢ ቃል ከመግባቱ በፊት ለብቻው ሆኖ ስለ ሕይወቱ የሚያስብበት ጥንታዊ ልማድ አለ። መልካም ልማድ ነው። «ምን አገኛለሁ?» ብሎ የሚገባ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ «የትኛው ሥራ የእኔ ነው?» ብሎ የሚገባ ግን ወዳጅም ዕውቀትም ያገኛል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ። እንግዲህ ልጆች፥ 18 ዓመት እስኪሞላችሁ አትጠብቁ። ነገ ጥዋት ሰሌዳውን የመጥረግ ተራ የማን ነው? መምህሩ ሳይጠራው የሚነሣ ልጅ ራሱን መምራት ጀምሯል።