ስለ አውቶሞቢል በር ቍልፍ መበላሸትና ስለ አጠጋገኑ

ቀድሞ የቤታችን በር በመወርወሪያ ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ቤተ ሰብ በሚሳፈርበት አውቶሞቢል አንዲት መጫኛ በጣት ሲነኳት አራቱም በሮች ባንድነት ይቈለፋሉ፥ ባንድነትም ይከፈታሉ። ይህ ድካምን የሚያቀልል መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የሚያገለግለን ዕቃ ኹሉ ጠባዩን ካላወቅንለት የሚጐዳን ቀን አለውና፥ በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ቍልፍ ጥቂት ለማስታወቅ ወደድን።

የምንነሣውም በራሳችን ቤት ከደረሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የነጂው በር ቍልፍ ማንም ሳይነካው ቀጭ ቀጭ ሲል ኹለት ሳምንት ያህል ሰማን፤ ነገ እናሳየዋለን እያልንም ቸል አልን። አንድ ቀን በቀትር ባለቤታችን የግቢውን በር ለመክፈት ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። በሩን ዘግታ ዘወር ከማለቷ አራቱም በሮች በራሳቸው ተቈለፉ። መክፈቻው በውስጥ ቀረ፤ የሦስት ዓመት ልጃችንም ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናቱ መስተዋቱን ትደበድባለች። በመጨረሻ የጎረቤታችን ዘበኛ ከሕፃኑ የራቀውን የፊት በር መስተዋት በድንጋይ ሰብሮ አወጣልን። ልጁ በደኅና ቢወጣም እኛ ግን በቸልታችን አፈርን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በያንዳንዱ በር ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ከባትሪው 12 ቮልት ኀይል ሲደርሰው ጥርሶቹን አዙሮ ቀጭን የብረት ዘንግ ይገፋል፤ በሩም ይቈለፋል። ኀይሉ በተገላቢጦሽ ሲመጣ ደግሞ ዘንጉን ይስባል፤ በሩም ይከፈታል።

ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ፥ ብልሽትን የሚመረምርም ሰው ዕቃ ከመለወጡ በፊት እነዚህን ይጠይቅ።

1ኛ፤ እንቢ ያለው አንድ በር ነው ወይስ ኹሉም? ኹሉም ከኾነ ፊውዙን፥ ሪሌውንና የነጂውን መጫኛ መመልከት ያስፈልጋል። የተቃጠለ ፊውዝ አምፔሩ እኩል በኾነ ይለወጥ፤ ከፍ ያለውን ማግባት ወይም በሽቦ መተካት አውቶሞቢሉን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። አዲሱም ወዲያው ቢቃጠል፥ አንድ ስፍራ የተላጠ ሽቦ ከብረት ጋር እየተነካካ መኾኑን ይጠርጥሩ።

2ኛ፤ በበሩ መጫኛ እየሠራ በሪሞት አልሠራ ካለ፥ ብዙ ጊዜ የደከመው የሪሞቱ ትንሽ ባትሪ ነው።

3ኛ፤ የኋላው በር ከውጭ እየተከፈተ ከውስጥ እንቢ ካለ፥ በበሩ ጠርዝ ያለችውን የሕፃናት መጠበቂያ ይመልከቱ። እርስዋ ተዘግታ ከኾነ ብልሽት የለም።

4ኛ፤ እንቢ ያለው አንዱ በር ብቻ ከኾነ ጆሮን አስጠግቶ ማድመጥ ነው። የሞተሩ ድምፅ እየተሰማ ቍልፉ ካልተንቀሳቀሰ ዘንጉ ወልቋል ወይም ጥርሱ አልቋል። ድምፁ ከነጭራሹ ከሌለ ኀይል አልደረሰውም ወይም ሞተሩ ተቃጥሏል።

የበሩን ልባስ ለማውለቅ አስቀድሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት ይገባል፤ በሩ ኤርባግ ያለበት ከኾነም ሥራውን ለባለሞያ መተው ነው። በመያዣው ሥር የተሸሸጉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ፥ ልባሱንና ከበስተኋላው ያለውን ላስቲክ ሳይቀድዱ ማንሣት ነው። ላስቲኩ የዝናብ ውሃ የሚከለክል ስለ ኾነ ኋላ በስፍራው መመለስ አለበት። ከዚህ በኋላ ባትሪው ተመልሶ ይታሰርና፥ አንድ ሰው መጫኛውን ሲጫን ሌላው በሞተሩ ኹለት ሽቦዎች መካከል በቴስተር ይለካ። ወደ 12 ቮልት ታይቶ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ይለወጣል፤ ምንም ካልታየ ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ሳይኾን ኀይሉ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

የኛንም አውቶሞቢል መጀመሪያ ያየው መካኒክ አራቱም ሞተሮች ይለወጡ ብሎ ነበር። ኹለተኛው ግን በነጂው በርና በአካሉ መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ገልጦ ቢመለከት፥ ልባሱ የተላጠ አንድ ሽቦ አገኘ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ሽቦው ስለሚታጠፍ ከዘመን ብዛት ተላጠ፤ ብረት በነካ ጊዜም ትእዛዝ እንደ ተሰጠ ያህል በሮቹን ይቈልፍ ነበር። ባትሪውን ፈትቶ፥ ሽቦውን ጥቂት አርዝሞ በካውያና በሊድ በየደው፤ በላስቲክ ልባስም ሸፈነው። እንዲህ ያለውን ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ማሰር አይበጅም፤ በመታጠፉ ብዛት ተመልሶ ይላቀቃልና።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ቢኾን ሕፃን በአውቶሞቢል ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ፤ ስትወርዱም መክፈቻውን ከእጃችሁ አትለዩ። በፀሓይ የቆመ ዝግ አውቶሞቢል በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ሕፃን ተቈልፎበት ሲጨነቅ ብታዩ፥ መካኒክ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ከሕፃኑ የራቀውን የጎን መስተዋት በጥጉ በኩል ስበሩ፤ የፊተኛው ትልቁ መስተዋት ግን በቀላሉ አይወድቅም። የመስተዋት ዋጋ ይተካል፤ ልጅ ግን አይተካም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነውና፥ ቍልፋችሁ ቀጭ ያለበትን ቀን ለነገ አታሳድሩት።