አስታማሚዋንስ ማን ይጠይቃት?



ቂሊንጦ ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። በዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ጠርዝ ባለ ሰፈር ግን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ከመሐል ከተማ የመጡ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ቤት አገኙ፤ አልሐምዱሊላህ። የኖሩበትን ጎረቤትና እድር ግን ይዘው አልመጡም። በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ የመጣልን ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዱን ዘይረን ስንመለስ ነው።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። የባልየው እናት በስትሮክ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ንግግራቸው ተሰብሯል፤ ሰው ግን ይለያሉ። ሐኪም ቤት ሲቀጠሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በነጠላ ታስረው፣ አራት ሰው ተሸክሟቸው ይወርዳሉ። ሌት ተቀን የምታስታምማቸው ምራታቸው ናት። ዘያሪ ሁሉ «አብሽሪ፣ አጅሩ ብዙ ነው» ብሏት ደረጃውን ይወርዳል። ሌሊት ስንቴ እንደምትነሣ የጠየቃት የለም። እኛም ብንሆን የጠየቅናት ልንወጣ በር ላይ ከቆምን በኋላ ነው።

«በየሁለት ሰዓቱ» አለችን።

ያጋነነች እንዳይመስላችሁ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተቀየረለት ተረከዙ፣ ዳሌውና የወገቡ ጫፍ ይቆስላል። ቁስሉ ሲጀምር እንደ መቅላት ወይም እንደ መጥቆር ያለ ነገር ብቻ ነው የሚታየው፤ ችላ ከተባለ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሲጎርሱም ቀና ብለው ተቀምጠው መሆን አለበት። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ስለሚደክም በተኛበት የተሰጠው አጥሚት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ይህን ሁሉ እህታችን ያወቀችው ማንም አስተምሯት ሳይሆን አንድ ጊዜ ቁስል ወጥቶባቸው፣ አንድ ጊዜም ትን ብሏቸው ደንግጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በሱረቱል ኢስራእ ለወላጆች «ኡፍ» እንኳ እንዳይባል የታዘዘው ልጅ ነው። ምራት ለባሏ እናት የምታደርገው በጎ ፈቃድና ትልቅ ውለታ ነው፤ ብዙ ዑለማኦችም የወላጅ ኻዲምነት በሚስት ላይ ግዴታ እንዳልሆነ ይናገራሉ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ መስጠትን የልጆች ግዴታ አድርጎታል። እኒህ እናት ደግሞ ከዚህ ቤት ጌታ ሌላ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። በየዒዱ ይመጣሉ፤ ሥጋም ይልካሉ። ወንድሞቻችን አይቀየሙንና፣ «ሚስቴ እናቴን ትጦርልኛለች» ብሎ በኩራት የሚናገር ባል ሌሊት ማን እንደሚነሣም ቢናገር ደስ ይለናል።

«ለምን ጦር ቤት አይወሰዱም?» የሚሉ ጠያቂዎች አልጠፉም። መቄዶንያን የመሰለ ተቋም ከ2002 ጀምሮ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሣ ይረዳል፤ አላህ ያበርታቸው። ነገር ግን ለወደቀ ሰው የተዘረጋ አልጋ ሦስት ልጅ ባላቸው እናት መያዝ የለበትም። ቤት ድረስ የሚመጣ እርዳታ ፈጽሞ የለም ማለትም አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ ይዞራሉ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። በጠና ለታመሙትም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሕመም የሚያስታግስ እንክብካቤ ሲሰጥ ቆይቷል።

ቤቱንም ለበሽተኛው ማመቻቸት ይቻላል፤ ይህም የግድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በያጅ ጠርቶ መጸዳጃው ግድግዳ ላይ የብረት መደገፊያ ማስመታት፣ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቆርጦ ከሥሩ ባልዲ ማድረግ፣ የአልጋውን ከፍታ በጉልበት ልክ ማስተካከል ለሁለቱም እረፍት ነው። የራስን ፎቅ አከራይቶ ምድር ላይ ያለ ቤት መከራየትም ይታሰብ። ሶላትን በተመለከተ እናትየዋ መቆም ስላልቻሉ ያዝኑ ነበር። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ ይሰግዳል፤ ውሃ የሚጎዳውም ተየሙም አለለት። ይህን ስንነግራቸው በደኅናው እጃቸው እጃችንን ያዙት።

በዚያው ቀን ከባልየው ጋር ተቀምጠን ስልክ አስደወልነው። ንግግሩ ቀላል አልነበረም፤ ታናሽየዋ «እኔም ሥራ አለኝ» ብላ አኩርፋ ዘጋች። ታላቅየዋ ግን ጁሙዓ ማታ መጥታ ልታድር፣ እሱም ሰኞና ረቡዕ ሌሊት ሊነሣ ተስማሙ። ከታች ፎቅ ያለች አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ አለሁ አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውለን ነበር። ታላቅየዋ እንዳለችው መጥታለች። እህታችን ግን የመጀመሪያዋን ጁሙዓ ተኝታ አላደረችም፤ ለምዶባት በየሁለት ሰዓቱ ስትነቃ ነው ያነጋችው። በሁለተኛው ጁሙዓ ለሱብሒ ቀስቅሰዋታል።