የርግቧ ባል ማን ነው?

ስለ ርግብ ለመጻፍ ብዕር ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው እንደሚችል እናውቃለን። አገር በብዙ ጭንቅ ውስጥ ሳለች፣ ፈተናም ከደጅ ቆሞ ሳለ፣ የተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ስለ ወፍ ወረቀት ማባከኑ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ የወፍ ብቻ አይደለም እንላለን። በቁስቋም ሠፈር ክፍል ተከራይተን ከምንኖረው ተማሪዎች መካከል አንዲት ርግብ ከጫጩትነቷ ጀምረው በክፍላቸው ለብቻዋ የሚያሳድጉ አሉ። እነዚህ ባልንጀሮቻችን ክፉዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ከብዙዎቻችን ይልቅ ርኅሩኆች ናቸው። የምንከራከራቸውም ስለዚሁ ርኅራኄያቸው ነው። አንዲትን ርግብ በዝግ ቤት ለብቻዋ ማሳደግ ለሰውየው ጨዋታ ነው፤ ለወፊቱ ግን ጋብቻ ነው፤ ሰውየውም የተጋባ መሆኑን ሳያውቅ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል።

ቁስቋምና ርግብ የቆየ ትውውቅ አላቸው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው በዚያ ተቀመጡ፤ ስሙም እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ጊዜ ዐረፈችበት ከሚባለው ከግብጹ ተራራ የተወሰደ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ቁስቋምም አልተረፈም። የፈረሰው ግንብ እንደ ፈረሰ ቢቀርም ባዶውን ግን አልቀረም፤ ሰው የለቀቀውን ርግብ ወረሰው። ዛሬ ወደ ፍርስራሹ የወጣ ሰው በየድንጋዩ ሽንቁር ሲያንጎራጉሩ ይሰማል። ከደጋችን የዱር ርግቦች አንዷ፣ አመድማ መልክ ያላትና ከማጅራቷ ላይ እንደ ማተብ ነጭ ምልክት ያለባት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ሌላዋ ክንፏ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ዓይኗም በቀይ ቆዳ የተከበበ ናት። ከሰው ቤት የምትኖረው ግን ከእነዚህ በዘር የተለየች ናት፤ ሰው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ያለመዳት።

የሠፈራችን ሽማግሎችና አሮጊቶች ይህችን የቤት ርግብ የሚያኖሩበት የራሳቸው ልማድ አላቸው። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር የእንጨት ሣጥን ይሰቀላል፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቀዳዳ ይበጃል፤ ጧት ጥቂት ማሽላ ወይም ገብስ በደጅ ይበተናል፤ የቀረውን ርግቦቹ ራሳቸው ያውቁታል። በሩ አይዘጋም። ሥጋዋንም የሚመኝ የለም፤ መንፈስ ቅዱስ በአምሳሏ በታየባት ወፍ ላይ ማን ቢላ ያነሣል? ጠብ የበዛበትን ቤት ርግብ ትሸሸዋለች ሲባልም እንሰማለን። ይኸን ሳይንስ አረጋግጦታል አንልም፤ ነገር ግን ባልና ሚስት ድምፃቸውን ከፍ ከማድረጋቸው በፊት ወደ ክፈፉ ቀና እንዲሉ ካደረጋቸው የማይጠቅም አባባል አይደለም።

የምንከራይበት ግቢ ባለቤት የሆኑትን እናት አንድ ቀን «እማማ፣ ስንት ርግብ አለዎት?» ብለን ብንጠይቃቸው «አራት ቤት አለኝ ልጆቼ» ብለው መለሱልን። ወፍ አልቈጠሩም፤ ትዳር ቈጠሩ።

ቈጠራቸውም ትክክል ነው። ወንዱና ሴቷ አንድ ጊዜ ከተጣመሩ ሞት ወይም የሰው እጅ ካልለያቸው በቀር አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይኖራሉ። ሴቷ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ከማታ እስከ ጧትም ታቅፋ ታድራለች። ረፋዱ ላይ፣ 4 ሰዓት ግድም፣ ወንዱ መጥቶ ይተካትና እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይታቀፋል፤ ተረኛ ዘበኛ እንኳ እንደ እነሱ ሰዓት አያከብርም። በ17 ወይም በ18 ቀን ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይደንቃል፤ በጉሮሯቸው ሥር ካለው ከረጢት እንደ እርጎ የወፈረ ወተት አውጥተው የሚያጎርሱት እናትም አባትም ናቸውና። ወንድ የሚያጠባበት ቤት በጎንደር ከዚህ ሌላ አላየንም። ቻርለስ ዳርዊን ራሱ ርግብ ያረባ ነበር፤ በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉም የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ስለ ርግብ በሰፊው ሲጽፍ፣ ጥንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን ተጣምረው መኖራቸው ልዩ ልዩ ዘሮችን በአንድ ቤት ሳይቀላቀሉ ለማርባት ለአርቢው ትልቅ ምቾት እንደሆነ አመልክቷል።

ስለ ርግብ የዋህነት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰበክ ኖረናል፤ ስብከቱን አንቃወምም። ነገር ግን ሌላ ወንድ ወደ ጎጆው የተጠጋበትን ርግብ ያየ ሰው ጉዳዩን በሌላ ዓይን ያየዋል። በክንፍ መማታት ነው፤ በአፍ መነካከስ ነው፤ ማምለጫ በሌለው ጠባብ ሣጥን የተዘጋባቸው ሁለት ወንዶች ደም እስኪፈስ ይፋለማሉ። የዋህነቷ ቤቷ እስካልተነካ ድረስ ነው።

ታዲያ ይህች ርግብ ከክፈፉ ወርዳ ወደ ተማሪ ክፍል እንዴት ገባች? አንደኛው ምክንያት ክፈፉ ራሱ እየጠፋ መሄዱ ነው። የጭቃው ቤት ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ ሣጥን የሚሰቀልበት ቦታ አይተርፍም፤ ቢተርፍም አከራዩ የተቀባ ግድግዳውን በኩስ አያስበላሽም። ሁለተኛው ምክንያት ብቸኝነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በነሐሴ ወር በጎንደርም የሰዓት እላፊ በተጣለ ጊዜ ማታውን ከአራት ግድግዳ መካከል ማሳለፍን ሁላችንም ተምረናል። ከቤተሰቡ የራቀ፣ ስልኩ እንኳ አልሠራ ያለው ተማሪ አንዲት ነፍስ ያላት ነገር በክፍሉ ብትኖር ቢወድ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ጫጩቷን ከጎጆዋ አውርዶ በካርቶን ያስቀምጣታል፤ የረጠበ እህል በጣቱ ያጎርሳታል፤ ከስድስት ወር በኋላም ትከሻው ላይ ተቀምጣ አብራው ታጠናለች።

እኛን የሚያሳስበን ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። የምታጎርሳት እጅ በመጀመሪያ እናትና አባቷ ነበረች፤ ስትጎለምስ ያችው እጅ የትዳር ጓደኛዋ ትሆናለች። ይኸን ከራሳችን አላመጣነውም። አሜሪካዊው ዋላስ ክሬግ በ1914 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ከመሰሎቻቸው ተለይተው ለብቻቸው ያደጉ ወንድ ዋኖሶች ለሰው እጅ እየሰገዱና እያንጎራጎሩ ለጋብቻ እንደሚያባብሉ ገልጿል። እንግሊዛዊው ሃሪሰን ማቲውስ ደግሞ በ1939 እ.ኤ.አ. ለብቻዋ የተቀመጠች ሴት ርግብ መስታወት ቢሰጣት የገዛ መልኳን እንደ ጓደኛ ቈጥራ እንቁላል እንደምትጥል አሳየ። የማይፈለፈል እንቁላል ነው፤ እርሷ ግን ይኸን ስለማታውቅ ታቅፋ ትቀመጣለች፤ ረፋዱ ላይም የሚተካት የለም።

እኛ ሠፈር መስታወት እንኳ አላስፈለገም። አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ባልንጀራችን ያሳደገው ወንድ ርግብ ማታ ማታ በነጠላ ጫማው ዙሪያ አንገቱን ነፍቶ ይሽከረከር ነበር። ክርና የመጥረጊያ ጭራሮ እየለቀመ ከመጻሕፍቱ ኋላ ጎዘጎዘ። እኅቱ ልትጠይቀው በመጣች ጊዜም ትከሻዋ ላይ ወጥቶ በክንፉ በጥፊ አላት። የነበርነው ሁሉ ሳቅን። «አያችሁ፣ ይወደኛል እኮ!» አለ ባልንጀራችን በኩራት። እውነቱን ነው፣ ይወደዋል፤ የእኛም ክርክር ከዚሁ ይጀምራል።

«ወፍ ምን ያውቃል? ዛሬ እኔ ባጎርሳት ነገ ሌላ ሰው ያጎርሳታል» የሚሉን አሉ። ወፍ ግን ያውቃል። በፓሪስ ከተማ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ አንድ ሰው በየቀኑ የጎዳና ርግቦችን እንዲያባርር፣ ሌላው ግን እንዲተዋቸው ተደረገ፤ ሁለቱ የደረቡትን ልብስ ቢለዋወጡም ርግቦቹ አባራሪውን ለይተው ይሸሹት ነበር። የጎዳና ርግብ መንገደኛን እንዲህ ከለየች፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ፊት ብቻ እያየች ያደገችው ያንን ፊት ምን ያህል ታውቀው ይሆን? ሌሎች ደግሞ ኒኮላ ቴስላን ይጠቅሱብናል። ያ ታላቅ የኤሌክትሪክ ሊቅ በኒውዮርክ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ የታመሙ ርግቦችን ያስታምም ነበር፤ አንዲት ነጭ ርግብንም ከሁሉ አብልጦ እንደ ወደዳት የታወቀ ነው። መልካም። ነገር ግን ቴስላ በ1943 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ከዚያችው ከተማ አልወጣም። ተማሪ ግን ሰኔ ሲመጣ ይሄዳል።

የዲግሪ ትምህርት 4 ዓመት ያህል ነው። በደኅና የተያዘች ርግብ ግን 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ይህን ሒሳብ አስቀድሞ የሚያስብ አላገኘንም። ያ ባልንጀራችን ባለፈው ዓመት ተመረቀ፤ ወደ አገሩም ሲሄድ ርግቡን ብዙ ርግብ ላለበት ግቢ በአደራ ሰጠው። የሰጠው ቤት ጥሩ ነበር፤ እህሉም ሣጥኑም ሞልቷል። ርግቡ ግን ወደ ሣጥኑ አልወጣም። ከሌሎቹ ርግቦች እየሸሸ በደጃፉ መሬት ላይ ይውል ነበር፤ በገባና በወጣው ሰው ጫማ ሥርም እየሄደ ይሰግድ ነበር። ከመሬት መዋል የሚያስከትለውን ያስተማረው አልነበረም፤ ሳምንት ሳይሞላ ድመት በላችው። ለባልንጀራችን አልነገርነውም፤ በስልክ ሲጠይቀን «ደኅና ነው» አልን፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።

በሌላ ወገን ደግሞ «ርግብን ከነጎጆዋ ከግቢ አባሩልን፤ በሽታ ናት» የሚሉ ጎረቤቶች አሉን። ከእነዚህ ጋር የምንስማማው በግማሽ ነው። የደረቀ ኩስና የላባ ብናኝ በዝግ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሲተነፈስ ሳንባን ይጎዳል፤ ሐኪሞችም ሕመሙን በርግብ አርቢዎች ስም ጠርተውታል። ኩሱን ውኃ ሳይረጩ በደረቁ መጥረግ፣ ራስጌ ላይ ማሳደር፣ መስኮት ዘግቶ አብሮ መተኛት ጤናማ ነገር አይደለም። ይኸ ሁሉ ግን የሚከሰው ዝጉን ክፍል ነው። በደጅ የተሰቀለው ሣጥን ስንት ዘመን ሲኖር ማንን ጎዳ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከቁስቋም ፍርስራሽም ሆነ ከሌላ ግንብ የዱር ጫጩት የሚያወርድ ሰው እጁን ይሰብስብ፤ ባለ ነጭ ማተቧ ወፍ መጫወቻ አይደለችም። የታመመች ወይም ክንፏ የተሰበረ ርግብ ያገኘ ያስታማት፤ ስትድን ግን ወደ መሰሎቿ ይመልሳት። ክንፍ መቁረጥ ማላመድ አይባልም፤ ርግብን አዲስ ቤት ለማስለመድ በሣጥኗ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ውጭውን እያየች እንድትቆይ ማድረግ ይበቃል።

አሁን በክፍሉ ብቸኛ ርግብ ያለው ባልንጀራችን ደግሞ እስከ ሰኔ አይጠብቅ። ጀርባዋን መደባበሱን ይቀንስ፤ ለእርሱ ማቆላመጥ ነው፣ ለእርሷ ግን የባል ሥራ ነው። ከዚያም ተቃራኒ ጾታ ያላት ጓደኛ ይፈልግላት። በአንድ ቀን ግን አያጋባቸው፤ በመካከላቸው ሽቦ ወንፊት አድርጎ አንድ ሁለት ሳምንት ይተያዩ። መጀመሪያ ጀርባ ትሰጠው ይሆናል፤ ወደ ባለቤቷም እየተመለከተች ትጮህ ይሆናል። ያን ጊዜ ሆዱ ባብቶ ወንፊቱን የሚያነሣ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል።

ጓደኛ ከየት ይገኛል ለሚል፣ የግቢያችን እናት በጥቅምት ወር ባሏን ጭልፊት የነጠቃት አንዲት ግራጫ ርግብ አለቻቸው። እስከ ዛሬ ከሣጥኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ወንድ ርግብ ላለው ተማሪ ያለ ዋጋ እንደሚሰጧት ነግረውናል። ሣጥኑንና መስቀያውን ይዞ ይምጣ፤ «ክፍል ውስጥ ለሚዘጋባት ግን አልሰጥም» ብለዋል።