ቀድሞ የመቀመጫዬን

ጥቅምት ላይ ነው። በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ ቶንጎ ዙሪያ ካለ አንድ የማሽላ ማሳ መሀል፣ በአራት እንጨት ላይ ከቆመ ማማ ላይ ተቀምጫለሁ። ወለሉ ቀርከሃ ስለሆነ በተነቃነቅኩ ቁጥር ያረግዳል፤ ክዳኑ ሣር ነው። የማማው ጌታ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የለቀማቸውን ድንጋዮች እግሩ ሥር ከምሮ ጫካውን ያያል። ጉሙ ከሸለቆው ሳይነሣ ጉሬዛዎቹ ጀመሩ፤ የአንዱ መንጋ ድምፅ ሲያባራ የማዶው ይቀበላል።

ቀጥሎ ዝንጀሮዎቹ መጡ። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ወንድ ከጫካው ጠርዝ ወጣና ቁጭ ብሎ ማማውን አጠና። ሌሎቹ ከኋላው ሆነው የእሱን ፈቃድ ይጠብቃሉ። ፎቶ ላነሣ ብድግ ስል አውራው ዘወር አለ፤ መንጋውም ተከትሎት ገባ። ልጁ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አይተው ነው የሄዱት። እኔን ግን አይፈሩኝም።»

ያ ሳቅ አብሮኝ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ምክንያቱም ያን ማለዳ ያየሁት ነገር ሌላ ቦታ ዋጋ አለው። ሰሜን ተራራ ላይ፣ 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራ ሎጅ አለ። እንግዳው ለመኝታው፣ ለአስጎብኚውና ለጠብመንጃ ያዡ ስካውት ከፍሎ በጠዋት ይወጣና ጭላዳ ሣር ስትነጭ ያያል። ደስ ብሎት ይመለሳል። የቶንጎው ልጅም በጠዋት ወጥቶ ዝንጀሮ ያያል፤ እሱ ግን የሚከፍለው በትምህርት ቀኑ ነው። ማሽላው የሚያፈራው ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነዋ!

ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ወንጪ፣ ጎርጎራና ሃላላ ኬላ ላይ ሎጆች ከተሠሩ፣ በጨበራ ጩርጩራ ፓርክም የዝሆን ዳና ሎጅ ከተከፈተ ወዲህ ተራራ ባየን ቁጥር ሎጅ የሚታየን ሰዎች በዝተናል። እኔም አንዱ ነኝ። ማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳን ያየ ሰው ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ከፍታውና ቆላው ተቀራርቦ፣ ቡናውና ቀርከሃው ጎን ለጎን በቅሎ የሚታይበት አገር ነው። ምኞታችን ግን ሁልጊዜ ከሕንፃ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ከወቅቱ እንጀምር እላለሁ።

የቶንጎን ዓመት አስቡት። ክረምቱ ከግንቦት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሐምሌ ላይ የቀርከሃው ቡቃያ ከመሬት ብቅ ሲል ለምግብ ይሰበሰባል። መስከረምና ጥቅምት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፤ ይህ ማማ ላይ የሚታደርበት ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ ሣሩ ይደርቃል፤ ከሰው ቁመት በላይ የሄደ ሣር ነው። ከዚያ እስከ የካቲት እሳት ይለቀቅበታል። አንዱ ለከብቱ ለጋ ሣር እንዲወጣለት፣ አንዱ ማሳ ለመመንጠር፣ አንዱ እባብና አውሬ ከደጁ እንዲርቅለት፣ አንዱም ለአደን ያቃጥላል።

አሁን የአስጎብኚ ድርጅቶችን የቀን መቁጠሪያ አጠገቡ አስቀምጡት። «የጉብኝት ወቅት» የሚሉት ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን በጋ ነው። መንገዱ ይደርቃል፤ ፈረንጁም ከብርዱ ይሸሻል። እናም የእኛ እንግዳ ቶንጎ የሚደርሰው በጢሱ መካከል ነው። በምንመኘው ሎጅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያየው የከሰለ ተዳፋት፣ የሚሰማውም የቀርከሃ ተኩስ ይሆናል፤ የሚነድ ቀርከሃ እንደ ጥይት ይጮኻልና።

እሳቱን በአዋጅ ማጥፋት ይቻላል የሚል ካለ በገጠር አልኖረም። ሣር በሚነድበት አገር ቁም ነገሩ መቼና የት ይቃጠል ነው። ሣሩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ኅዳር መግቢያ ላይ የሚለቀቅ እሳት ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እርጥብ ቦታ ሲደርስ ይሞታል፤ በየመካከሉ ያልተነካ መጠለያ ይተዋል። ያው እሳት የካቲት ላይ ሲለቀቅ ዛፍ ላይ ይወጣል። በቤኒን የፔንጃሪ ፓርክ ሠራተኞች በጋው እንደገባ በዕቅድ ያቃጥላሉ፤ ለጋው ሣር አውሬውን ወደ ሜዳ ያወጣዋል፤ ጎብኚውም ያየዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለው ሰው ነው። ዘግይቶ የመጣ እሳት ማሩን፣ ንቡንና ቀፎውን አንድ ላይ ይወስድበታል። የጥበቃ ኮሚቴ ይቋቋም ከተባለ ሊቀ መንበሩን አገኘንላችሁ።

«ገበሬ እንዴት አውሬ ይጠብቃል?» ለሚል መንዝን ልጥራ። ጓሳ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የቆየው ለዘመናት በዘለቀ የአገሬው ሕግ ነው። ቄሮ ይባል ነበር፤ ዛሬ በሌላ ትርጉሙ ከምናውቀው ቃል ጋር አይምታታባችሁ። የአስቦና የጌራ ወገኖች አለቃ መርጠው፣ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ይዘጉታል። ሲከፈት ሁሉም በአንድ ወቅት ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ኋላ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። የእንግዳ ማረፊያው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሣሩ ባለቤትና ወቅት ስለነበረው ቀበሮው ቆየ፤ ቀበሮው ስለቆየ እንግዳ መጣ።

በሌላው መንገድ የሄደውንም እናውቃለን። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.አ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ያንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ለዋሊያው ግጦሽ አስፈላጊ ነበር ይባላል፤ ይሆናል። ነገር ግን አንድን መንደር ከተራራው ማውረድ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው መፍትሔ መሆን ነበረበት። ቶንጎ ገና ምንም አልተሠራባትም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መጀመር ትችላለች።

ሰላሙ ከሁሉ ይቀድማል፤ በ2014 ዓ.ም. ቶንጎ ተጠልለው የነበሩ ስደተኞች እንኳ በግጭት ዳግም መሰደዳቸውን የሚረሳ የለም። ሰላም ሲገኝ ግን የምንጀምርበት ሥራ ብዙ ብር አይጠይቅም። ወረዳው፣ ቀፎ ሰቃዩና ከብት ጠባቂው ቁጭ ብለው የሚቃጠለውንና የማይቃጠለውን ተዳፋት ይለዩ። የእንግዳው ወቅት ወደ መስከረምና ጥቅምት ይሳብ፤ ጭቃውን የማይፈራ እንግዳ ይምጣ። ማሳ ዳር ያለውን ማማ የሚጠብቅ ጎልማሳ ይቀጠር፤ እሱ ዝንጀሮውን ከማሽላው ይመልስ፤ እግረ መንገዱንም ለእንግዳ ያሳይ። ከእንግዳው የሚገኘው ገንዘብ መጀመሪያ የተበላ ማሳ ካሣ ይሁን።

እሾህ መላ አካሏን የወጋት ዝንጀሮ «ከየት እንንቀልልሽ?» ቢሏት «ቀድሞ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። አዋቂ ናት፤ ያ ካልተነቀለ መቀመጥ የለም። የቶንጎ የመቀመጫ እሾህ ማማው ላይ ያለው ልጅ ነው። ያ ልጅ በጥቅምት ማለዳ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ እኛም በረንዳ ላይ ስለ መቀመጥ ብናወራ ያምርብናል።