ትርጉም ለመመረቂያ አይበቃም ለሚሉ

አንድን መጽሐፍ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሠርቶት ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ፣ «ትርጉም ምርምር አይደለም፤ ስለዚህ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ሊሆን አይገባውም» የሚል አስተያየት ከአንዳንድ መምህራን አፍ ሲወጣ እንሰማለን። ምክንያታቸውም፣ ተርጓሚ የሌላውን ሰው ሐሳብ ከማመላለስ በቀር ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም የሚል ነው። እኛ ግን ይህን አስተያየት እንቃወማለን፤ የምንቃወመውም በባዶ ቃል ሳይሆን ሥራውን ራሱን ምስክር አድርገን ነው።

አንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ሊመልስ ተቀመጠ እንበል። የዛሬው እንግሊዝኛ ጌታውንም አገልጋዩንም፣ ባልንም ሚስትንም፣ አንዱንም ብዙውንም ፊት ለፊት የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። አማርኛችን ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብሎ ካልለየ ንግግሩን አንድ እርምጃ እንኳ አያስኬደውም። ስለዚህ ተማሪው በየገጹ፣ ይህ ሰው ለዚያ ሰው ምኑ ነው? ያከብረዋል ወይስ ይንቀዋል? ከመቼስ ጀምሮ ተቀራረቡ? እያለ መመርመር አለበት። መልሱን ደራሲው በግልጥ አልጻፈለትም፤ ከመጽሐፉ ጠቅላላ መንፈስ፣ ከዘመኑ ታሪክና ከሕዝቡ ልማድ አጥንቶ የሚደርስበት ነው። ይህ ምርምር ካልሆነ፣ ምርምር የሚባለው ምን እንደ ሆነ ቢነግሩን እንወዳለን።

ነገሩም በልብ ወለድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ፣ ኋላ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተተረጐመ ነው። ከታወጀ በኋላ ግን ዳኛው የሚፈርደው በአማርኛው ነው። በአንዳንድ አንቀጽ አማርኛውና እንግሊዝኛው እንደማይስማሙም የሕግ ሰዎች ጽፈዋል። እንግዲህ ተርጓሚው አንዲት ቃል ቢያሳስት፣ የሚጐዳው ውሉን ወይም ውርሱን ይዞ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ነው። ይህን ያህል ኃላፊነት ያለበት ሙያ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ፊት ሳይፈተን በልምድ ብቻ ይያዝ ማለት ከምን የመጣ ጥበብ ነው?

ተቃዋሚዎቻችን በአንድ ነገር እውነት አላቸው። ደካማ ትርጉም ተጠርዞና ተፈርሞበት መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን የዚህ ጥፋት ምንጩ ትርጉም አይደለም፤ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሳይገልጥ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚፈርም አማካሪ ነው። እርሱን ትቶ ትርጉምን መክሰስ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ ይሆናል።

በእውነተኛ አማካሪ ፊት መተርጐም ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የአቡ ሩሚን ታሪክ ይመልከት። ይህ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ ያሠራው የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል አስሊን ደ ሼርቪል ነው። ቆንስሉ ራሱ እንደ ተረከው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ዐረብኛውን ቁጥር በቁጥር፣ በዝግታ ያነብ ነበር። አስቸጋሪ ቃል ሲያጋጥም ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱንና የሰባ ሊቃናትን ትርጉም እያመሳከረ ያስረዳው ነበር፤ አንዱ መጽሐፍ ከተፈጸመ በኋላም ወደሚቀጥለው ሳያልፉ እንደ ገና ያስተያዩት ነበር። ሥራው ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ። ከዚህም ድካም የተነሣ ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍም በ1840 እ.ኤ.አ. ታትመው ለአንባቢ ደረሱ።

ይህ ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ቢኖር፣ የአብነት ትምህርት ቤታችንን ያስታውስ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ቤቱ አልመታም፣ ምሥጢሩ ጐደለ፣ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም እያለ እዚያው ያርመዋል። በመጻሕፍት ቤትም ንባቡ በየሐረጉ እየተነበበ በየሐረጉ ይተረጐማል። የቅኔ መምህር ያልሰማውን ቅኔ መርቆ አይሸኝም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጥ ነው። አንደኛ፣ አማካሪው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን፤ እንዲህ ያለ ሰው ባይገኝ፣ አንዱ የመነሻውን፣ ሌላው የመድረሻውን ቋንቋ የሚያውቁ ሁለት አማካሪዎች ይመደቡ። ሁለተኛ፣ ተማሪው በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ይዞ ይቅረብ፤ ሁለቱ መጻሕፍትም ጎን ለጎን ይነበቡ። ሦስተኛ፣ ከትርጉሙ ጋር፣ ይህን ቃል ለምን መረጥሁ? የቱንስ ጣልሁ? ከምሥጢሩስ ምን አመለጠኝ? የሚለውን የሚያስረዳ ሐተታ ይጻፍ። አራተኛ፣ ፈታኞቹ የሚመረምሩትን ገጽ ራሳቸው ይምረጡ እንጂ ተማሪው አይምረጥላቸው።

በተለይም ዛሬ ኮምፒዩተር ብዙ ገጽ በጥቂት ጊዜ በሚተረጕምበት ዘመን፣ የተጠናቀቀውን ጥራዝ ብቻ ማየት የማንን ዕውቀት እንደምንመርቅ አያሳየንም። በየሳምንቱ በአማካሪው ፊት ስለ እያንዳንዱ ቃል የተሟገተ ተማሪ ግን ዕውቀቱ የራሱ እንደ ሆነ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወስድ አንክድም። የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ለአማካሪው የንባቡን ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ይቍጠሩለት፤ መምህራንም አንብቦ ማረም ከማስተማር የማያንስ መሆኑን ይመኑ። እናንተም ተማሪዎች፣ ሳያነብ የሚፈርምላችሁን አማካሪ እንደ ቸር አትቍጠሩት፤ ስሕተታችሁን አብሯችሁ ሊያቃና ሲገባው ከነስሕተታችሁ ወደ ዓለም የሚሰዳችሁ እርሱ ነውና። ይህ ሥርዓት ከተያዘ፣ ትርጉም ለመመረቂያ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ክርክር ሥራው ራሱ ይፈርድበታል።