የሕዝብ መረጃ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

የመንግሥት ሥራ ያለ ቁጥር አይሄድም። በዓመት ስንት ሕፃን እንደ ተወለደ፣ ከአንድ ወረዳ ስንት ኩንታል ስንዴ እንደ ተገኘ፣ ስንት ሚሊሜትር ዝናብ እንደ ዘነበ፣ ለጤና ጣቢያው ስንት ብር እንደ ተመደበ ሁሉ ተቈጥሮ ይጻፋል። ይህን የሚያስቈጥረው የሕዝብ ግብር ነው፤ የሚቈጠረውም ሕዝቡ ራሱ ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተቈጠረው ሕዝብ ስለ ራሱ የተጻፈውን የት ሄዶ ያነባል? የሚል ነው።

በዘመናችን «ክፍት መረጃ» የሚባለው አሳብ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ትርጉሙም መሥሪያ ቤቶች የሰበሰቡትን መረጃ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያገኘው፣ እንዲገለብጠውና እንዲሠራበት አድርጎ ማስቀመጥ ማለት ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢለጠፍ ታየ እንጂ ተከፈተ አይባልም። ተከፈተ የሚባለው ተማሪው፣ ነጋዴው ወይም ገበሬው ሠንጠረዡን ወስዶ የዘንድሮውን ካምናው ሊያስተያይ የቻለ እንደ ሆነ ነው። የግለሰብ ስም፣ የሕመምተኛ ካርድና የመሳሰለው የግል ምሥጢር ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

ይህ ነገር ለባሌ ሰው ከውጭ የመጣ ጌጥ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓመታት በጠቅላይ ግዛቱ የመሬት ቅየሳ በተጀመረ ጊዜ፣ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ በመደብ ይጻፍ ነበር፤ ግብሩም የሚጣለው በዚሁ መሠረት ነበር። መዝገቡ በሹሙ እጅ ነበረ፤ የተጻፈበትንም ቋንቋ አብዛኛው ገበሬ አያነብም ነበር። ግብር ያልተከፈለበት መሬት ከባለቤቱ ይወሰድ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱና ሌሎችም የመሩት የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የመሬቱ ቅየሳና የግብሩ ጉዳይ ግን ከዋናዎቹ የሚቈጠር ነው። መዝገብ ተራ ወረቀት ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

ከዚያ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጐዳው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲገሉ የተባለው ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ነው፤ አንዱ ዝርያ ሲሸነፍ በዚያው ዝርያ የተሸፈነ ማሳ ሁሉ አብሮ ይሸነፋል። በአጠገባችን ያለው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎችን ሲፈትንና ሲመዘግብ ኖሯል። ገበሬው ለገናም ሆነ ለቦና ወቅት ዘር ከመግዛቱ አስቀድሞ የትኛው ዝርያ እንደ ተዳከመ ልጁን ልኮ ሊያስነብብ ቢችል፣ ከአንድ ዓመት ኪሣራ ሊድን ይችላል። ይህ ዕውቀት በምርምር ዘገባ ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ግን ለገበሬው የለም ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ጎባ ከሮቤ ትበልጥ ነበር፤ ጎባ 28 ሺህ ያህል፣ ሮቤም 21 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። በ1999 ዓ.ም. ግን ሮቤ ከ44 ሺህ በላይ ስትሆን ጎባ 32 ሺህ ገደማ ነበረች። በ12 ዓመት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ቈጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም፣ አራተኛው ቈጠራ በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ተራዝሟል። ምሥራቅ ባሌም ራሱን የቻለ ዞን ስለ ሆነ፣ የ1999ኙ የባሌ ዞን ድምር የዛሬውን ዞን አይገልጽም። የውሃ ቧንቧና የትምህርት ቤት ዕቅድ በየትኛው ግምት እንደሚሠራ፣ ግምቱስ በምን ስሌት እንደ ተገኘ ማወቅ የነዋሪው መብት ነው።

መብት ስንል ከልባችን ፈጥረን አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ ከከለከለም ምክንያቱን እንዲገልጽ አዟል። ነገር ግን ሕግ የሚረዳው የሚጠይቀውን ነገር ለሚያውቅ ሰው ነው። ምን ዓይነት መዝገብ መኖሩን የማያውቅ ሰው ምኑን ይጠይቃል? ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም የወረዳ በጀት በሰሌዳ እንዲለጠፍ መደረጉ መልካም ጅምር ነበር። ይሁን እንጂ ሰሌዳ ዝናብ ይመታዋል፤ አዲስ ሲለጠፍ አሮጌው ይቀደዳል፤ ያልገባውም ሰው የሚጠይቀው አያገኝም።

የሚያስቀምጥም የሚያስረዳም ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ለብዙዎቻችን ቤተ መጻሕፍት ሲባል የሚታየን ለፈተና የሚጠናበት ጸጥ ያለ ክፍል ብቻ ነው። በአሜሪካ ግን ከ1 ሺህ የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት የመንግሥትን ሰነዶች ያለ ዋጋ እየተቀበሉ ለማንኛውም ገቢ ሰው ክፍት ያደርጋሉ። በእኛም አገር በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር የኅትመቶችን ቅጂ በሕግ ይረከባል፤ በ2014 ዓ.ም.ም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ሁለቱም ግን ያሉት በአዲስ አበባ ነው፤ የሲናና ገበሬ የወረዳውን በጀት ለማየት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ አይችልም።

ሕዝብ አንብቦ ምን ያመጣል? የሚል አይጠፋም። መልሱን ከኡጋንዳ እንማር። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 1995 ድረስ፣ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው የማስኬጃ ገንዘብ በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ለትምህርት ቤቶቹ ይደርስ እንደ ነበር በጥናት ታወቀ። ከዚያ በኋላ የተላከው ገንዘብ በጋዜጣና በየትምህርት ቤቱ በር እንዲገለጥ ተደረገ። በ2001 የሚደርሰው ወደ 80 በመቶ ከፍ አለ። ሌሎች ማሻሻያዎችም አብረው ነበሩ፤ ወላጅ ቁጥሩን ማወቁ ግን አንዱ ኃይል ነበር።

ስለዚህ በሮቤና በጎባ የሕዝብ ማንበቢያዎች ውስጥ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ለዚህ ተግባር ይመደብ እንላለን። የከተማውና የወረዳው በጀት ከወጪው ጋር፣ የቈጠራ ሠንጠረዦች፣ የዝናብ መዝገብ፣ የዝርያና የዋግ ማስታወቂያ፣ የእህል ዋጋም ይቀመጡበት። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፉ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማን እንደ ሰበሰበውና መቼ እንደ ተሰበሰበ ይገለጥ፤ ቀን የሌለው ቁጥር ከወሬ አይሻልምና። መብራት ሲጠፋም ሥራው እንዳይቆም የወረቀት ቅጂ አይለየው።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ብቻውን ይህን ሁሉ ይቻል አንልም። በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ፣ ግብርናና ሒሳብ አያያዝ የምንማር ተማሪዎች በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሆነን ብንቀመጥ፣ ሠንጠረዥ ለማይገባው ሰው ማስረዳት አያቅተንም። የተማርነው በዚሁ ሕዝብ ግብር ነው። ዛሬ በየሻይ ቤቱ ስለ በጀት የሚነገረው አብዛኛው ግምት ነው፤ ወሬ ቢበዛ ደግሞ በአህያ አይጫንም። የተማሪዎች ኅብረት ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባ መወያያ አድርጎ ለሁለቱ ከተሞች አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ፈቃደኛ ተማሪዎችንም ከዛሬ ጀምሮ እንዲመዘግብ እናሳስባለን።