የማይታየው ማገር

ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶውንና ማገሩን ሳያጸና ግድግዳውን ለስኖ ቀለም ቢቀባ፥ ክረምት በገባ ጊዜ ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን የታወቀ ነው። በዚህ ወር የምነግራችሁ ግን ስለ ቤት ሳይሆን ስለ ቫዮሊን ነው፤ ቫዮሊንም እንደ ቤት ምሰሶና ማገር አለውና።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ፥ በጎባ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ የሟች አባቱን ቫዮሊን በነጠላ ጠቅልሎ ወደ ቤቴ መጣ። እናቱም አብረውት ነበሩና፥ «መምህር፥ ከአባቱ እጅ የቀረልን ይህ ነው። ወፍራሙ ክር ሲነካ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ለአንድ ጠጋኝ ብንሰጠው ቀለም ቀብቶ መለሰልን፤ ድምፁ ግን ከቀድሞው ባሰ። እባክዎን ይዩልን» አሉኝ። ባየሁትም ጊዜ ቀለሙ ያበራል፤ ደረቱ ግን በወፍራሙ ክር በኩል ሰምጧል። ሕመሙ በውስጥ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ነገሩ እንዲገለጽልን ከምናውቀው ከመሰንቆ እንነሣ። መሰንቆ አራት ሳንቃ ተጋጥሞ፥ ማዕዘኑ ወደ ላይና ወደ ታች በሆነ ሣጥን ላይ ቆዳ ተወጥሮበት ይሠራል። ክሩ አንድ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ብዙ የፈረስ ጭራ በአንድነት የተያዘበት ነው። አንገት የሆነው ዘንግ ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ዘልቆ ስለሚያልፍ የክሩን ስበት የሚችለው እርሱ ነው፤ ቆዳውም ክሩን ደግፋ የምትቆመውን ትንሽ እንጨት፥ ማለት በርኩማዋን፥ ተሸክሞ ድምፁን ያወጣል። ስለዚህ መሰንቆ በውስጡ ሌላ ማገር አያሻውም።

ቫዮሊን ግን አራት ክር አለው፤ ክሮቹም ተቃኝተው ሲወጠሩ በጠቅላላው ከ20 ኪሎ በላይ በሆነ ኀይል ይስባሉ። ከዚህም ከፊሉ በበርኩማው በኩል ወርዶ፥ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነውን የደረቱን ሳንቃ ይጫነዋል። ይህን ሸክም የሚያግዙ ሁለት እንጨቶች በውስጡ ተሠውረዋል። አንደኛው በቀጭኑ ክር በኩል በደረቱና በጀርባው መካከል የሚቆም ምሰሶ ሲሆን፥ ኢጣሊያኖች «ነፍስ» ይሉታል። ሁለተኛው በወፍራሙ ክር በኩል ባለው የበርኩማ እግር ሥር፥ በደረቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በርዝመቱ ተጋድሞ የሚጣበቅ ማገር ነው፤ ይህን ደግሞ «ሰንሰለት» ብለው ይጠሩታል። በእንግሊዝኛ ባስ ባር ይባላል። ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱ በበርኩማው ሥር 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ደርሶ ወደ ሁለቱ ጫፎች እያነሰ ይሄዳል። ማገሩ ደረቱን እንዳይሰምጥ ይደግፋል፤ የበርኩማውንም እንቅስቃሴ ለደረቱ ሁሉ ያዳርሳል። እጅግ ቢወፍር ድምፁን ያፍናል፤ እጅግ ቢሳሳም ወፍራሙ ድምፅ ኀይል ያጣል።

ደረቱን በስስ ቢላዋ ቀስ ብለን ብናላቅቀው፥ የማገሩ አንድ ጫፍ ሙጫው ለቅቆት ተገኘ። አዲስ ማገር ይሆነን ዘንድ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ የስፕሩስ እንጨት ላከልኝ፤ ይህም በቀዝቃዛ አገር የሚበቅል፥ ቅጠሉ መርፌ የሚመስል፥ ቀላልና ብርቱ እንጨት ነው። ጅማቱ ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሄድ በመጋዝ ሳይሆን በመፍለጥ ይዘጋጃል። ሮቤ የሚኖር አንድ አናጺም መላጊያና ሞርሳ አዋሰን።

የደረቱ ውስጥ ጎድጓዳ ስለ ሆነ ማገሩ በትክክል እንዲገጥመው ያስፈልጋል። ለዚህም የሚያገለግለው የእኛ የመምህራን ጠመኔ ነው። ጠመኔው በደረቱ ውስጥ ይቀባል፤ ማገሩ ይጫንበታል፤ ሲነሣ ነጭ የነካው ስፍራ ከፍ ያለው ነውና ያ ብቻ በጥቂቱ ይላጋል። ማገሩ ሳይጫኑት በራሱ እስኪቀመጥ፥ ነጩም በርዝመቱ ሁሉ እኩል እስኪታይ ድረስ ይህ ይደጋገማል። በየማታው እየሠራን አንድ ሳምንት አለፈ።

ልጁ ግን ለፋሲካ ለእናቱ ሊያሰማ ቸኩሎ ነበር። በሆሳዕና ዋዜማ በማገሩ ጫፎች ሥር የጥፍር ውፍረት የምታህል ክፍተት አየሁ። ልጁም፥ «መምህር፥ ሞርሳው ይስበዋል» አለኝ። አንዳንድ የሠለጠኑ ሠሪዎች ማገሩን ሆን ብለው በጥቂቱ እንዲወጠር አድርገው ያጣብቁታል፤ እኛ ግን እንዲህ ያለ እጅ አልነበረንም። ይህን እያወቅሁ ደስታውን እንዳልሰብር ዝም አልሁ። በሞርሳ ጠፍረን አጣበቅነው። በሦስተኛው ቀን ሞርሳው ሲፈታ፥ ደረቱ በማገሩ ዳር አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቆ አገኘነው። ልጁ አለቀሰ፤ ጥፋቱ ግን የዝምታዬ ነበር፤ ይህንም ለእናቱ ሳልሸሽግ ነገርኋቸው።

ስንጥቁን አጣብቀን፥ ከውስጥ በትናንሽ እንጨቶች ደግፈን፥ ማገሩን በመላጊያ አንሥተን እንደገና ጀመርን። ልጁም፥ «እንግዲህ አባቴ የተወው ቫዮሊን አይደለም» ብሎ አዘነ። እኔም በክሬሞና ይኖር ስለ ነበረው፥ በ1737 እ.ኤ.አ. ስላረፈው ስለ ስትራዲቫሪ ነገርሁት። በ19ኛው መቶ ዓመት የክሮቹ ስበት እየበረታ በሄደ ጊዜ፥ በቫዮሊኖቹ ውስጥ የነበረው አጭርና ስስ ማገር በሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ወጥቶ ረዘም ባለና በበረታ ተተክቷል፤ እስከ ዛሬ ግን የስትራዲቫሪ ተብለው ይጠራሉ፥ ይዘመርባቸዋልም። ውስጡ ስለ ታደሰ የአባትህነቱ አይጠፋም አልሁት።

ሁለተኛው ማገር በሰኔ ተጣበቀ። በዚህ ጊዜ ያለ ሞርሳ እንደ ዝናር ተስማምቶ ተቀመጠ፤ ሞርሳው ሙጫው እስኪደርቅ ለመያዝ ብቻ አገለገለ። በነሐሴ ልጁ በእናቱ ፊት ወፍራሙን ክር ሲነካ፥ እናቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፥ «እርሱ ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው፥ ቫዮሊንም መሰንቆም በሚያስተምረው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመማር ያስባል።

እንግዲህ በቤታችሁ ቫዮሊን ያላችሁ፥ ከምድጃ አጠገብ ወይም በሚረጥብ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ በበልግም በመኸርም ዝናብ በሚያገኘው በባሌ ደጋ እርጥበት ሙጫውን ያላቅቃልና። ደረቱ ሲሰምጥ ብታዩ ክሩን አላሉለት፤ ለሚያውቅም ሰው ስጡት እንጂ ቀለም አታስቀቡት። ልጆች ያሏችሁም ወላጆች፥ የማይገጥመውን ነገር በኀይል ጠፍረን ገጠመ ከማለት፥ አንድ ማታ ጨምረን በጥቂት በጥቂቱ ብንልግ ይሻላል። እኔ ይህን የተማርሁት በሰው ልጅ ቫዮሊን ላይ ነው።